የሴት ልጆቻችንን የሳይንስ ጥናት ማን ይምራው?

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የቀረበ ንግግር። በስብሰባው ላልተገኙ የሠፈሩ ነዋሪዎች እንዲደርስ በዚህ ሰሌዳ ተለጥፏል።)



እንደምታውቁት የዛሬው ስብሰባችን ሁለተኛ አጀንዳ የአዳራሹ ጉዳይ ነው። ሦስት የሠፈራችን ሴት ልጆች ማመልከቻ ጽፈው ለጽሕፈት ቤታችን አስገብተዋል። ሁለቱ በዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን በመሥራት ላይ የሚገኙ ጀማሪ ተመራማሪዎች ናቸው። ሦስተኛዋ በላቦራቶሪ ሥራ ከጀመረች ገና ሁለት ዓመቷ ነው። የጠየቁት ብዙ አይደለም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ እንዲከፈትላቸውና ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያሉ ሴት ተማሪዎችን ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ እንዲያስጠኑ ነው። ክረምቱን ሦስቱም እዚሁ ናቸው። ከመስከረም በኋላ እየተፈራረቁ ይመጣሉ፤ በማይመጡበት ሳምንት ደግሞ የአሥራ ሁለተኛ ክፍሎቹ ታናናሾቻቸውን ያስጠናሉ።

ማመልከቻው ከተሰማ ወዲህ በየቡናው የተባለውን እኛም ሰምተናል። «ገና ራሳቸው ያልቆሙ ልጆች ማንን ሊያቆሙ ነው? ትልቅ ሰው፣ ፕሮፌሰር የሆነ ሰው ይምጣና ይምራው፤ እስከዚያ አዳራሹ ለለቅሶና ለሰርግ ይቆይ» ተብሏል። ነገሩ በክፋት የተባለ እንዳልሆነ እናውቃለን። አገራችን ታላቅን የሚያስቀድም አገር ነው። ሆኖም የማኅበሩ ኮሚቴ በዚህ ሐሳብ አልተስማማም፤ ያልተስማማንበትንም ምክንያት ለማስረዳት ነው የቆምነው።

እስቲ ከሊማሊሞ እንጀምር። መንገዱ ላይ ናዳ ወርዶ እንደሆነና እንዳልሆነ ማንን ነው የምትጠይቁት? ዛሬ ጠዋት ከደባርቅ የወረደውን ሹፌር ነው እንጂ ከሃያ ዓመት በፊት የወረደውን አይደለም። የሃያ ዓመቱ ሰው ይከበራል፣ ወንበር ይሳብለታል፤ ድንጋዩ ዛሬ የት እንደተጋደመ ግን የሚያውቀው የጠዋቱ ሹፌር ነው። የዩኒቨርሲቲውም መንገድ እንደዚያው ነው። የመግቢያ ፈተናው በየጊዜው ይለዋወጣል። በ2014 ዓ.ም. ፈተና ተፈታኞች ከቤታቸው ርቀው በዩኒቨርሲቲ ግቢ እየገቡ መፈተን ጀመሩ። ይህን ሁሉ በቅርቡ ያለፈችበት ልጅ ናት ለታናሿ የምትነግራት።

ደግሞስ ወጣት ሲመራ አይተን አናውቅም እንዴ? በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ እናቶቻችንን ሀ ሁ ያስቆጠሯቸው ከመምህራኑ ጋር የዘመቱ፣ ጢም እንኳ በወጉ ያላበቀሉ ተማሪዎች ነበሩ። በዚያ ሥራ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ በኩል የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝታለች። ያን ጊዜ «ፕሮፌሰር ይምጣ» ብንል ኖሮ ስንቷ እናት እስከ ዛሬ በጣቷ ትፈርም ነበር!

በውጭው ዓለምም የሆነውን ጠይቀን ተረድተናል። እኛ ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ያለፍን ስላልሆንን ሳይንሱን እናስረዳለን አንልም። ሰዎቹ የሠሩትን ግን መናገር እንችላለን።

እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካና በእንግሊዝ አገር በኮምፒዩተር ትምህርት የዶክትሬት ተማሪ የነበሩ ጥቂት ሴቶች ለአንድ ትልቅ የሳይንስ ስብሰባ ሄደው አንድ የሆቴል ክፍል ተጋርተው አደሩ። በዚያ ስብሰባ ሴቱ ጥቂት ነበረና፣ በሙያው የሚያውቋቸውን ሴቶች ስም ሲቆጥሩ «ለምን አንድ ቀን አንሰባሰብም?» ተባባሉ። በዓመቱ በ2006 የመጀመሪያውን ስብሰባ አደረጉ። ሐና ዋላክ፣ ጄኒፈር ዎርትማንና ሊሳ ዌይነር ይባላሉ። ሦስቱም ያን ጊዜ ተማሪ ነበሩ። ያ ማኅበር እስከ ዛሬ አለ።

አንድ ክፍል ተጋርቶ መማርን ከእኛ በላይ ማን ያውቀዋል? ከገጠር ቀበሌ መጥተው፣ ስንቃቸውን ተሸክመው፣ ሦስትም አራትም ሆነው በአንድ ክፍል ተከራይተው የሚማሩት ልጆች በየግቢያችን ናቸው።

ወደ አገራችን ልጆች እንምጣ። ረድኤት አበበ አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች፣ ናዝሬት ስኩል የተማረች ናት። ትምኒት ገብሩም አዲስ አበባ የተወለደች፣ የኤርትራ ተወላጆች ልጅ ስትሆን በሁለቱ አገሮች ጦርነት ምክንያት በልጅነቷ ከአገር ወጥታለች። ሁለቱም በአሜሪካ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለውን፣ ማለትም ኮምፒዩተር ከብዙ መረጃ ተምሮ እንዲፈርድ የሚደረግበትን ሙያ አጠኑ። ትምኒት እ.ኤ.አ. በ2016 በሙያው ትልቅ ጉባኤ ላይ ተገኝታ ብትመለከት፣ በሺህ ከሚቆጠረው ተሰብሳቢ ጥቁሮቹ በጣት የሚቆጠሩ ሆኑባት። በ2017 ከረድኤት ጋር ሆነው በሙያው ያሉ ጥቁሮችን የሚያሰባስብ ማኅበር መሠረቱ። ማኅበሩ ለሴቶች ብቻ የቆመ አይደለም፤ የመሠረቱት ግን ሁለት ወጣት ሴቶች ናቸው። ትምኒት ዶክትሬቷን የጨረሰችው በዚያው ዓመት ነበር፤ ረድኤት ደግሞ ገና ተማሪ ነበረች። ኋላ በ2019 ስትመረቅ ከኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በኮምፒዩተር ሳይንስ ዶክትሬት ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆናለች።

ማኅበሩ ምን ሠራ? ለመሳፈሪያ ላጣው ተማሪ ገንዘብ ያፈላልጋል። ለዩኒቨርሲቲ የሚያመለክተውን ሰው ጽሑፉን አንብቦ ያርምለታል። እ.ኤ.አ. በ2018 ስብሰባቸው ካናዳ ሲሆን ብዙ ተጋባዦች ቪዛ ተከልክለው ቀሩ። እነሱ ግን ዝም አላሉም፤ ጉዳዩን በአደባባይ አነሱት። ከዚያ በኋላ በሙያው ካሉት ትልልቅ ጉባኤዎች አንዱ ለ2020 አዲስ አበባ ላይ እንዲደረግ ተወስኖ ነበር። ኮሮና መጣና ስብሰባው በኮምፒዩተር ሆነ፤ እሱስ ያስቆጫል።

«ለመሆኑ ሴት በዚህ ሙያ ብትኖር ባትኖር ምን ይለወጣል?» ለሚል አንድ ነገር እንንገር። እ.ኤ.አ. በ2018 ትምኒት ጆይ ቡዎላምዊኒ ከምትባል ተመራማሪ ጋር ሆና፣ ፊት አይቶ ወንድ ወይም ሴት ብሎ የሚለየውን የኮምፒዩተር ሥራ መረመሩት። ነጭ ወንዶችን ሲያይ ስህተቱ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ጥቁር ሴቶችን ሲያይ ግን ከመቶ እስከ 35 ገደማ ይሳሳት ነበር። የኛን እናትና እኅት ፊት አላወቀም ማለት እኮ ነው! ይህን አይተው የተናገሩት ሁለት ጥቁር ሴቶች ናቸው፤ በዚያ ባይኖሩ ማን ያየው ነበር?

ብቻዋን የሄደችም አለች። ዶክተር ሰገነት ቀለሙ የጎጃም የፍኖተ ሰላም ልጅ ናት። በልጅነቷ አንበጣ መጥቶ የገበሬውን አዝመራ ሲያወድም አይታለች። ከአካባቢዋ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የገባች የመጀመሪያዋ ሴት ናት ይባላል። እልኸኛ ልጅ ስለነበረች በልጅነት ሊድሯት እንዳልተመቸች ራሷ ተናግራለች። አሜሪካ ተምራ፣ በደቡብ አሜሪካ በኮሎምቢያ የከብት መኖ ሣርና የተክል በሽታ መርምራ፣ በመጨረሻ ናይሮቢ የሚገኘውን ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል ከ2013 እስከ 2023 እ.ኤ.አ. መርታለች። በ2014 ሎሬያልና ዩኔስኮ ለሳይንስ ሴቶች የሚሰጡትን ትልቅ ሽልማት ተሸልማለች። በ2020 አንበጣው አገራችንን ሲወር የነፍሳቱን ምርምር የምትመራው ያቺው አንበጣ አይታ ያደገች ልጅ ነበረች። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሮፌሰር የሆነችው ያለምፀሐይ መኮንንም አለች፤ ሽፈራውንና ሌሎች የመድኃኒት ተክሎችን መርምራለች። እነዚህ የሚያኮሩ ናቸው። ግን እልኸኛ ያልሆነችው ጎበዝ ልጅስ? ዝም ብላ የታዘዘችውን የምትሠራው? እሷ ቀርታለች፤ ስሟንም አናውቀውም። ማኅበር የሚያስፈልገው ለእሷ ነው።

ለጎንደር ሰው የሴት ሳይንስ እንግዳ ነገር አይደለም። የጎንደር የጤና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 ሲከፈት ከጤና መኮንኖቹ ጋር የማኅበረሰብ ነርሶችም ይሠለጥኑበት ነበር፤ በየገጠሩም አብረው ወጥተዋል። ይህ ሁሉ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2013 በተደረገ ቆጠራ በኢትዮጵያ ከመቶ ተመራማሪ ሴቶቹ 13 ገደማ ነበሩ።

የወረዳችን ነገር ደግሞ የባሰ ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ትምህርት ቤት ተዘጋ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ ወረዳችን ገባ። የዛሬዎቹ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ፊደል ሊያጠነክሩ፣ ስሌት ሊለምዱ በሚገባቸው ዓመት ነው ሸሽተው የከረሙት። የአሥራ ሁለተኛ ክፍሉን ፈተና ደግሞ ታውቁታላችሁ። በ2014 ዓ.ም. በመላው አገሪቱ ከግማሽ በላይ ያመጣው ከመቶ ሦስት ያህል ነው። በ2015ም እንደዚያው። በ2017 ከመቶ ስምንት ገደማ ደረሰ። የቀረውስ? ወንዱ ወደ ሰሊጥ እርሻው ወይም ወደ ሌላ ሥራ ይሄዳል። ለሴቷ ግን በማግሥቱ ሽማግሌ ይላካል፤ እንዲያውም ሳትፈተንም የሚላክባት አለች። ሕጉ 18 ዓመት ይላል። እያንዳንዳችን የምናውቀውን እናውቃለን፤ በዚህ ጉዳይ ብዙ መናገር አያሻም።

የውጭ ዕድልም ቢሆን በራሱ ደጅ አያንኳኳም። እ.ኤ.አ. በ1987 የተቋቋመ፣ መቀመጫው ኢጣሊያ ትሪየስቴ የሆነ የታዳጊ አገሮች የሳይንስ ሴቶች ድርጅት አለ። ሴቶች በሌላ ታዳጊ አገር ዶክትሬት እንዲማሩ ሲረዳ ቆይቷል። ከ2018 ጀምሮም ለጀማሪ ተመራማሪ ሴቶች እስከ 50,000 ዶላር የሚደርስ የምርምር ድጋፍ ሲሰጥ ቆይቷል። ይህን መኖሩን የምታውቀው፣ ቅጹን አብራት የምትሞላላት ሰው ያለቻት ናት። ለእኛ ልጆች ይህን የነገሩን እነዚሁ ሦስት አመልካቾች ናቸው።

«ወንዶቹስ ለምን ተተዉ?» ላሉት፦ ወንዶቹ ከትምህርት በኋላ እርስ በርስ ተሰባስበው ያጠናሉ፣ አስተማሪም ቤት ይሄዳሉ፤ የሚከለክላቸው የለም። ሴቷ ውኃ አለባት፣ እንጀራ አለባት፣ ታናሽ አለባት። ወንዶቹ አዳራሹን በሌላ ቀን ቢጠይቁ ኮሚቴው ያያል። «መሽቶ ይመጣሉ፣ አደጋ አለው» ላሉት፦ ጥናቱ ከ8 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ነው፤ በቀን ብርሃን ገብተው በቀን ብርሃን ይወጣሉ። የጸጥታ ችግር በታየ ቀን አዳራሹ አይከፈትም።

ኮሚቴው የሚያቀርበው ይህን ነው። አዳራሹ ቅዳሜ ይከፈት። ለቅሶ በደረሰ ጊዜ ለቅሶው ይቀድማል፤ ልጆቹ በዚያ ሳምንት የሚያጠኑበትን ቦታ ከትምህርት ቤቱ ጋር ተነጋግረን እንፈልጋለን። ቁልፉ ከሦስቱ በአንዷ እጅ ይሁን፤ ጥበቃው እንዲከፍትላቸው ደጅ ሲጠኑ መዋል የለባቸውም። ጠመኔና የመብራት ወጪ ከማኅበሩ ካዝና ይውጣ። ጥቁር ሰሌዳ የለንም፤ አናጢ የሆናችሁ አባላት ከስብሰባው በኋላ ቆዩልን። አግዳሚ ወንበር በሠርግ ጊዜ የተዋሳችሁና እስካሁን ያልመለሳችሁም ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

አከራይ ለሆናችሁ ደግሞ ለብቻ የምንለው አለ። «ቆጣሪ ትበላለች» እያላችሁ በሦስት ሰዓት መብራት የምታጠፉባቸው ልጆች እንዳሉ ለጽሕፈት ቤታችን ደርሷል። የአምፖሉ ሒሳብ ከከበዳችሁ ወደ እኛ ኑ፤ እንተሳሰባለን። እናቶች፣ ቅዳሜ ከሰዓት ለሦስት ሰዓት ያህል ልጆቻችሁን ልቀቁልን። እንጀራው ዓርብ ማታ ሊጋገር ይችላል፤ ወንድምየውም ጀሪካን ቢይዝ እጁ አይቆረጥም።

አሁን ሐሳብ ያለው ይናገር። ከዚያ በኋላ በእጅ ማውጣት እንወስናለን። ሦስቱ ልጆች ከኋላ ተቀምጠዋል፤ ጥያቄ ያለው እነሱንም ይጠይቅ።