ካልኩሌተርዎን ይዘዙት

ብዙ የአሜሪካ ተማሪዎች የሚያውቁት፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2004 የወጣው ቲአይ 84 ፕላስ ካልኩሌተር ግራፍ ብቻ አይስልም፤ ፕሮግራምም ይቀበላል።

የፕሮግራም ቁልፉን ተጭነው «ኒው»ን ይምረጡ፤ ከ8 ፊደል ያልበለጠ ስም ይስጡት። በመጀመሪያው መስመር «ፕሮምፕት አር» ይበሉት፤ የክቡን ሬዲየስ ይጠይቅዎታል። በሁለተኛው «ዲስፕ»ን አስቀድመው ፓይን በአር ስኩዌር ያባዙ፤ የክቡን ስፋት ያሳይዎታል። ይኸው ነው፣ ሁለት መስመር!

ጀማሪን የሚያናድደው ሌላ ነው። «ዲስፕ»ን ፊደል በፊደል ቢጽፉት መሣሪያው ትእዛዝ መሆኑን አያውቅም። ያንኑ የፕሮግራም ቁልፍ ዳግም ተጭነው ከዝርዝሩ ይምረጡት።

ተማሪዎች ሆይ፣ ካልኩሌተሩን ይዛችሁ ፈተና ከመግባታችሁ በፊት ደንቡን ጠይቁ፤ ፕሮግራሞቻችሁን አጥፉ የሚል ፈታኝ አለ።