የድሀው በግ

ዛሬ የምንነጋገርበት ነገር ከቤታችሁ የራቀ አይደለም። በበረታችሁ ያድራል፤ ሸክማችሁን ይዞ ገበያ ይወጣል፤ ሌሊት እናንተ ስትተኙ እርሱ ይነቃል። የምንነጋገረው ስለ እንስሶቻችን ነው።

«እንዴ! ስለ ከብት ደግሞ ይሰበካል?» የምትሉ ትኖራላችሁ። አዎን፣ ይሰበካል። እግዚአብሔር የአንድን ንጉሥ ልብ ለመስበር በፈለገ ጊዜ፣ ነቢዩን የላከው የአንዲት በግ ታሪክ አስይዞ ነውና።

መጽሐፍ ቅዱስ ያላችሁ 2ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 12ን ግለጡ። ንጉሥ ዳዊት የኦርዮን ሚስት ወሰደ፤ ኦርዮንንም በጦር ግንባር አስገደለው። ከዚያ ነገሩን ሸፍኖ፣ ምንም እንዳልሆነ በዙፋኑ ተቀመጠ። ነቢዩ ናታን ወደ እርሱ ሲገባ «አንተ ነፍሰ ገዳይ!» ብሎ አልጀመረም። ስለ አንድ ድሀ አጫወተው። ይህ ድሀ ከአንዲት ጠቦት በቀር ሀብት የሚባል አልነበረውም። ያችኑ በገንዘቡ ገዝቶ አሳደጋት። ከልጆቹ ጋር አብራ አደገች። ከሚቆርሰው ያጎርሳታል፣ ከሚጠጣው ያጠጣታል፣ አቅፏት ይተኛል። ልክ እንደ ልጁ ነበረች። መንጋ የሞላው ባለጸጋ ጎረቤት ግን እንግዳ በመጣበት ቀን ከራሱ ማረድ ሳሳና የድሀውን አንዲት በግ ነጥቆ አረዳት።

ዳዊት ይህን ሲሰማ በቁጣ ነደደ። ያን ሰው ሞት የሚገባው ነው ብሎ ፈረደበት። የኦርዮ ደም ያላስለቀሰው ንጉሥ በበግ ታሪክ ተነካ። ናታንም ያን ጊዜ የታሪኩ ባለጸጋ ራሱ ዳዊት መሆኑን ገለጠለት።

ልብ በሉ ወገኖቼ። እግዚአብሔር ሰው ከእንስሳው ጋር ያለውን ፍቅር ባይቆጥረው ኖሮ ይህን ታሪክ ባልመረጠ ነበር። «በግ እኮ ናት፣ ምን ያስለቅሳል?» አላለም። አቅፎ ያሳደጋትን ያጣ ሰው ምን እንደሚሰማው ያውቃል።

በሬውም ዕረፍት አለው

ይህን ፍቅር የጎጃም ገበሬ ያውቀዋል፤ እኔ ላስተምረው አልችልም። በሬውን ዝም ብሎ «በሬ» አይለውም። ቦራ ይለዋል፣ ዳለቻ ይለዋል፣ በመልኩ ወይም በጠባዩ ስም ያወጣለታል። በሬውም ድምፁን ይለያል። አንድ በሬ ብቻ ያለው ከጎረቤቱ ጋር በመቀናጆ ሲያርስ እንኳ፣ «የሰው በሬ ነው» ብሎ ያንደኛውን አያስጨንቅም፤ ጎረቤቱም የእርሱን እንዲያስጨንቅበት አይፈልግም።

ዛሬ ግን በቆጋ አካባቢ አንድ ነገር ተለውጧል። ቀድሞ በሬው ክረምቱን ያርሳል፣ መኸር ሲደርስ በአውድማ ላይ ይወቃል፣ ከዚያ በጋውን እህል በተነሣበት ማሳ እየጋጠ ያርፋል። የቆጋ ግድብ ሲሠራ 7,000 ሄክታር የሚሆን መሬት በመስኖ እንዲለማ ታቅዶ ነው። ውኃው ትልቅ በረከት ሆነልን። በበጋ ስንዴ ይዘራል፣ ድንችና ሽንኩርት ይተከላል፤ በዓመት አንዴ ያመርት የነበረው ሁለቴ ያመርታል። እግዚአብሔር ይመስገን! ነገር ግን ሁለተኛውን ምርት ማን ያርሰዋል? ያው በሬ ነው። የሚያርፍበት በጋ የሥራ ወራት ሆኖበታል፤ የሚግጥበት ሜዳም ጠቧል።

እግዚአብሔር በዘጸአት 23፥12 ስለ ሰባተኛው ቀን ሲያዝ፣ ከምክንያቶቹ አንዱ በሬውና አህያው እንዲያርፉ ነው። በዘዳግም 25፥4 ደግሞ እህል የሚወቃ በሬ አፉ እንዳይሸበብ ከልክሏል። በሬው ከሚደክምበት እህል እንዲቀምስ መብት ሰጠው ማለት ነው። ታዲያ ወንድሜ፣ አንተ በእሑድ ቀን ልብስህን ቀይረህ ለአምልኮ ስትወጣ በሬህን ለሌላ ሰው አከራይተኸው ከሆነ፣ ዕረፍቱን የሰጠውን ጌታ እንዴት ልታመሰግነው ነው? ጫንቃው የቆሰለ በሬ ላይ ቀንበር ጭነህ «ጌታ ሆይ፣ ሸክሜን አቅልልልኝ» ብለህ ስትጸልይ ራስህን ሰምተኸዋል?

ክፉ ቀን ያስተማረን

ያለ በሬ ምን እንደምንሆን አባቶቻችን በዓይናቸው አይተዋል። በ1880 ዓ.ም ገደማ በምፅዋ በኩል ከባሕር ማዶ በመጡ ከብቶች «ደስታ» የሚባለው የከብት በሽታ ገባ። ስሙ ደስታ፣ ሥራው ግን ኀዘን! ከአሥሩ ከብት ዘጠኙ ያህል እንዳለቀ ይነገራል። በሬው ሲያልቅ እርሻው ቆመ፤ እርሻው ሲቆም ሰው በረሀብ ረገፈ። ያ ዘመን እስከ ዛሬ «ክፉ ቀን» ይባላል። አፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት በመቆፈር ሕዝቡን እንዳበረታቱ ታሪክ ይነግረናል። ንጉሥ በዶማ የቆፈረው በሬ ስላለቀ ነው።

ያ በሽታ በሐኪሞችና በክትባት ድካም ከዓለም ጠፍቷል ተብሎ የታወጀው በ2003 ዓ.ም ነው። ዛሬ ከብት ሐኪሙ ለክትባት ሲጠራን «ሥራ አለብኝ» የምንል ሰዎች ይህን እናስታውስ። የእኛ ሕይወትና የእነርሱ ሕይወት በአንድ ምራን የታሰረ ነው።

የተከበረው ፈረስና የተናቀው አህያ

ለፈረስ ክብር ሰጥተናል። ታላላቆቻችን በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር። አፄ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ አፄ ምኒልክን አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላን አባ ነጋ ብለናቸዋል። ጎረቤቶቻችን አዊዎች በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ፈረሶቻቸውን አስጊጠው በእንጅባራ አደባባይ ይወጣሉ። ደስ የሚል ነገር ነው።

ጋሪ የሚጎትተው ፈረስስ? ያው ፈረስ ነው እኮ! እግሩ ደኅና ሳለ «ሂድ! ሂድ!» እየተባለ ከአቅሙ በላይ ይጎትታል። ሲያነክስ ወይም ሲታወር ከከተማ ዳር ይለቀቃል፤ ሌሊት ጅብ ይጨርሰዋል። ቤተ ሰብ ሲያበላ የኖረ ፍጡር ነው።

አህያማ ስሙ እንኳ ለስድብ ሆኗል። ጀርባው ገጥቦ እንኳ ጆንያ ይጫንበታል። «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» ስንል አህያ የሚያስጥለው እንደሌለው እየመሰከርን ነው። እግዚአብሔር ግን ለአህያ ጠበቃ ቆሟል። በዘኍልቍ 22 በለዓም አህያይቱን ሦስት ጊዜ ሲመታት፣ መልአኩ «ለምን መታሃት?» ብሎ የጠየቀው ነቢዩን ነው። እርሱ ያላየውን መልአክ እርሷ አይታ ሕይወቱን አትርፋለች። በዘጸአት 23፥5 ደግሞ የሚጠላህ ሰው አህያ ከሸክሙ በታች ወድቆ ብታይ አልፈህ አትሂድ ይላል። የጠላትህ አህያ! ከሰውየው ጋር መጣላትህ አህያውን አይመለከተውም።

ጌታችንስ ወደ ኢየሩሳሌም ሲገባ በምን ተቀመጠ? የነገሥታት ፈረስ አላስመጣም። እኛ የናቅነውን መረጠ።

በበላበት የሚጮኸው

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» እንላለን። እውነት ነው። ቁራሽ እንጀራ ወርውረንለት በብርድ ደጅ ያድራል፤ ጅብ ሲመጣ ግን በእኛ ፈንታ ይጋፈጣል። በሉቃስ 16 ያለውን አልዓዛር አስታውሱ። ባለጸጋው በደጁ ወድቆ እያየ አለፈው፤ ቁስሉን ለመላስ የመጡት ውሾች ነበሩ።

ውሻችሁን የምትወዱ ከሆነ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አስከትቡት። ይህ ለእርሱም ለልጆቻችሁም ነው። በሽታው በሰው ላይ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። ውሻ የነከሰው ሰው ካለ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ያህል እጠቡ፤ ሳትዘገዩም ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። «ነገ እናያለን» አትበሉ። ጸልዩ፤ እየጸለያችሁም ሂዱ። ክትባት ላይ መሄድ ከእምነት ማነስ አይደለም።

ለበሬው «አይዞህ» የሚል አፍ

አሁን ወደ ዳዊት እንመለስ። ዳዊት ለበጓ ተቆጣ። ቁጣው ትክክል ነበር። ግን በዚያው ልብ ውስጥ የተገደለ ሰው ተደብቆ ነበር። ለእንስሳ የሚራራ ሁሉ ጻድቅ ነው ብላችሁ እንዳታስቡ ይህን እናገራለሁ።

በእርሻ ላይ በሬውን «አይዞህ የኔ ጌታ፣ ቀና በል» እያለ የሚያባብል፣ ማታ ቤቱ ሲገባ ግን ለሚስቱ አንድ ደግ ቃል የሌለው ሰው አለ። ውሻውን አጥግቦ እረኛውን የሚያስርብ አለ። እረኛው ልጅ ከብቶቹን እየተከተለ ትምህርት ቤቱን ከሩቅ የሚያይ ከሆነ፣ ጥጃው ያገኘውን ርኅራኄ እርሱ አላገኘም። ናታን ዛሬ ወደ ቤታችን ቢመጣ ስለ የትኛው በግ ያጫውተን ይሆን?

ሁለቱ አይነጣጠሉም። በአህያው ላይ ጨካኝ የሆነ እጅ በልጁም ላይ ይለምዳል። ለእንስሳው የራራ ደግሞ «ይህን ርኅራኄ ማን ሰጠኝ? ለማንስ ነፈግሁት?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ። በዮናስ 4፥11 እግዚአብሔር ለነነዌ ያዘነበትን ምክንያት ሲናገር ከ120,000 የሚበልጡ ሰዎችን ቆጠረ፤ እንስሶቹንም ጨመረ። በእርሱ ልብ ለሁለቱም ቦታ አለ።

የፋሲካ ዋዜማ

በየቤታችን የሚሆን አንድ ነገር አለ። በጉ ለፋሲካ ይገዛል ወይም ከቤት ያድጋል። ልጆች ሣር ያጭዱለታል፣ ስም ያወጡለታል፣ ጠጉሩን ይዳስሱታል። የመታረጃው ሰዓት ሲደርስ አንዱ ልጅ ከጓሮ ገብቶ ያለቅሳል። ምሳ ሲቀርብ «አልበላም» ይላል። እኛ ትልልቆቹ እንስቃለን፤ «ዝም በል፣ በግ እኮ ነው!» እንለዋለን።

ማረድ ኃጢአት ነው አልልም፤ አርጅቶ ማረስ ያቃተውን በሬ መሸጥም እንደዚሁ። ኑሮ ነው። ገበሬውም ገመዱን ለነጋዴ ሲሰጥ ፊቱን ዞር የሚያደርገው ወድዶ አይደለም። ግን ያን ልጅ አትሳቁበት። እርሱ ዛሬ እኛ የረሳነውን አውቋል። ስለ ሌላው ሲባል የሚሞት፣ በደል የሌለበት፣ የተወደደ አንድ እንዳለ አውቋል። ዋጋው ስንት እንደሆነ በእንባው ተናግሯል።

ወገኖቼ፣ ዮሐንስ መጥምቅ ኢየሱስን ባየው ጊዜ የእግዚአብሔር በግ ብሎ ጠራው። አብ ከመንጋ መካከል የተረፈውን አልሰጠንም። አንድ ልጁን፣ የሚወደውን ሰጠን። የናታን ባለጸጋ የራሱን አስቀርቶ የድሀውን ነጠቀ፤ እግዚአብሔር ግን ባለጸጋ ሲሆን የራሱን አንድያ ለእኛ ለድሆቹ ሰጠ። ያ ልጅ በጓሮ ያነባውን እንባ እኛ በመስቀሉ ፊት አንብተነው እናውቃለን? ወይስ «ልማድ ነው» ብለን በዓሉን በልተን ነው የተነሣነው?

ዳዊት ናታንን አላባረረውም። «በድያለሁ» አለ። ይቅርታም አገኘ። ለአንተም ወንድሜ፣ ለአንቺም እኅቴ፣ በሩ ዛሬ ክፍት ነው። ወደ ጌታ ተመለሱ። የተመለሰ ሰውም ምልክቱ በቤቱ ይታያል፤ በበረቱም ይታያል። ገጣባው አህያ እስኪድን ሸክም ሲቀርለት፣ በሬው በእሑድ ቀንበር ሲወርድለት፣ እረኛው ልጅ ደብተር ሲያገኝ፣ ባለቤትህ በቤቷ የሰላም ቃል ስትሰማ፣ ያን ጊዜ ጎረቤት «ይህ ቤት ምን ገባበት?» ብሎ ይጠይቃል።

እንጸልይ። ጌታ ሆይ፣ በእጃችን ስለ ሰጠኸን ፍጡር ሁሉ እናመሰግንሃለን። ድምፃችንን የሚያውቁ እነርሱ ናቸው፤ አንተም የእኛን ድምፅ ታውቃለህ። የደነደነውን ልባችንን ስበርልን። ለበሬያችን የምንራራውን ያህል ለሰውም እንድንራራ፣ ለሰው የምንራራውን ያህል በበረታችን ላለውም እንድናስብ እርዳን። ስለ እኛ በታረደው በግ፣ በኢየሱስ ክርስቶስ ስም። አሜን።