ጣና ዳር ያደግሁበት ሠፈር

(በደብረ ማርቆስ ለምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች ከተደረገ ንግግር)



ጎጃም ባሕር የለውም ይባላል። ጣና ዳር ያደግን ልጆች ግን «ሐይቅ» የሚለውን ቃል ከመጽሐፍ ነው የተማርነው፤ በሠፈራችን «ባሕሩ» ነበር የሚባለው፣ ከተማይቱም ባሕር ዳር የተባለችው ከዚሁ የተነሣ ነው። መንገዱ ሰላም በሆነ ሰሞን፣ ከብዙ ዓመታት በኋላ ሄጄ አንድ ሳምንት ሰንብቻለሁ። ሥራችንን የሚነካ ነገር ስላገኘሁ በአጭሩ እነግራችኋለሁ።

አባቴ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ይሠራ ነበር። ፋብሪካው በ1953 ዓ.ም. ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሣ መቋቋሙን፣ ፖሊቴክኒኩም በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ዕርዳታ መከፈቱን ተምረናል። በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ያለው ባለ ፎቅ የድንጋይ ሕንፃም በኢየሱሳዊው ሚሲዮናዊ በፔድሮ ፓኤዝ ዘመን እንደ ተሠራ ይነገረን ነበር። እንግዲህ የከተማችን ታሪክ ማለት ከሩቅ የመጡ ሰዎች የሠሩት ሥራ ማለት ነበር። ከቤታችን በታች ደንገል ሲያጭዱ ስለሚውሉት ጎረቤቶቻችን የነገረን አስተማሪ አልነበረም።

እነርሱ ነገደ ወይጦ ናቸው። ደንገል አድርቀው ታንኳ ያስራሉ፣ ቅርጫት ይሠራሉ፣ የወፍጮ ድንጋይ ይጠርባሉ። ቀድሞ ጉማሬ ያድኑ ነበር፤ ሥጋውን ስለሚበሉም ክርስቲያኑ ቀርቶ በእምነት የሚመስላቸው እስላሙ እንኳ አብሮአቸው ማዕድ አይቆርስም ነበር። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ በ1760ዎቹ ዓ.ም. ወደ ጣና ሲመጣ የራሳቸው ልዩ ቋንቋ እንዳላቸው ጽፎአል። በ1899 ዓ.ም. ገደማ አንድ ጀርመናዊ ሊቅ ሲጠይቃቸው ግን የሚናገሩት አማርኛ ብቻ ነበር። ከመቶ ኀምሳ ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ አንድ ቋንቋ ከነተረቱና ከነጸሎቱ ጠፋ፤ ማንም አላለቀሰለትም።

በ1987 ዓ.ም. ሕዝብ ሲቆጠር ከተማዋ 96 ሺህ ያህል ሰው ነበራት፤ በ1999 ዓ.ም. ከ155 ሺህ በላይ ሆነ። እየሰፋች በሄደች ቁጥር ነገደ ወይጦዎች ከሠፈር ወደ ሠፈር ተነሡ። ደንገል የነበረበት ብዙው ዳርቻ ዛሬ ሆቴልና መናፈሻ ነው። መናፈሻውን አልጠላሁትም፤ ልጆች ሲጫወቱበት ማየት ደስ ይላል። ግን አንድ የቀድሞ ጎረቤታችንን፣ ታንኳ ሠሪ ሽማግሌ፣ «አባባ፣ የድሮው ቤትዎ የት ላይ ነበር?» ብላቸው፣ «ልጄ፣ ያ አበባ የተተከለበት» አሉኝ።

አሁን ወደ ሥራችን ልምጣ። በ1978 ዓ.ም. ገደማ መንግሥት፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንና አንድ የኔዘርላንድ የአብያተ ክርስቲያናት ድርጅት ተባብረው በጣና የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ አስገቡ። የእኛን የመሰለ ድርጅት፣ የእኛን የመሰለ በጎ አሳብ ነበር። በመረብ የሚጠመደው ዓሣ በ1979 ዓ.ም. 39 ቶን ያህል ነበር፤ በ1989 ዓ.ም. ወደ 360 ቶን ደረሰ። ብዙ ሰው ሥራ አገኘ፣ ከተማውም ዓሣ በላ። ነገር ግን «ነጭ ዓሣ» የምንለው ወገን፣ አብዛኛው ዝርያው ከጣና በቀር በዓለም የማይገኘው፣ በክረምት መጨረሻ ለመራባት ወደ ወንዞች ሲወጣ በወንዞቹ አፍ መረብ ጠበቀው። ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ባሉት ዐሥር ዓመታት ሦስት አራተኛው ያህል ጠፋ። እኒያ ሽማግሌ ይህን ሳነሣባቸው፣ «ዓሣው መቼ ወደ ጉማራ እንደሚወጣ ታንኳ የያዘ ልጅ ያውቀዋል፤ ማን ጠየቀን?» ነው ያሉኝ።

ይህ የባሕር ዳር ወሬ ብቻ አይደለም። ግልገል አባይ ከሰከላ ተነሥቶ የጎጃምን አፈር ይዞ ጣና ይገባል። በ2004 ዓ.ም. በሐይቁ ላይ የታየው እምቦጭ ከማሳ ታጥቦ በሚወርደው ማዳበሪያ እንደሚፋፋ ባለሙያዎች ይናገራሉ። እኛ ላይ ሆነን የምንሠራው እርከን ታች ላለው ታንከኛም ነው፤ ባናየውም።

ስለዚህ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። የጥናት ቅጻችን «የመሬት ስፋት» ብሎ ይጀምርና «የበሬ ብዛት» ብሎ ይቀጥላል። በዚህ ቅጽ ብንመዝናቸው እኒያ ሽማግሌ በጣና ዳር ያልኖሩ ያህል ናቸው። በእኛም አካባቢ መሬትም በሬም የሌላቸው ሸክላ ሠሪዎች፣ ሸማኔዎችና ቀጥቃጮች አሉ፤ አፈሩ የት እንደ ነበረና የት እንደ ሄደ ከሸክላ ሠሪ ይልቅ ማን ያውቃል? ገና ካስማ ሳንተክል ሁለት ቀን ከእነርሱ ጋር እንቀመጥ፤ ቡና ካፈሉልንም እንጠጣ። በገበያ ቀን እቤት አይገኙም፤ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ብንሄድ ይሻላል። አብሮኝ የሚሄድ ካለ ስሙን ዛሬ ይስጠኝ።