የፒካፕ ማርሚታ አመራረጥ፦ ጉልበት፣ ድምፅ፣ ብረትና ጤና



የዛሬው ንግግሬ ርእስ ከዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ይልቅ ለጋራዥ የሚስማማ ይመስላል። ሆኖም የፒካፕ ባለንብረት የዛገ ማርሚታውን ለመለወጥ ሲነሣ የሚገጥሙት ጥያቄዎች የጋዝ ፍሰት፣ የድምፅ ሞገድና የብረታ ብረት ጥያቄዎች ናቸው። በአገራችን ደግሞ ፒካፕ ከኋላው ዕቃ ብቻ ሳይሆን ሰውም ስለሚጭን፣ ጉዳዩ የሕይወት ጥያቄ ይሆናል። ሐሳቤን በአራት ክፍል አቀርባለሁ።

በጉልበት ልጀምር። «ቱቦው በሰፋ ቁጥር መኪናው ይበረታል» የሚለው አባባል ከፊሉ እውነት፣ ከፊሉ ስሕተት ነው። ዲያሜትሩ 2.25 ኢንች የሆነ ቱቦ በ3 ኢንች ቢተካ የጭሱ መተላለፊያ ስፋት በ1.78 እጥፍ ያድጋል፤ የጭሱም ፍጥነት በዚያው ልክ ይቀንሳል። ቱርቦ በሌለው የቤንዚን ሞተር ይህ ሁልጊዜ ትርፍ አይደለም። የጭስ ቫልቭ ሲከፈት የሚነሣው የግፊት ሞገድ ቱቦው ድንገት የሚሰፋበት ቦታ ሲደርስ ዝቅተኛ ግፊት ሆኖ ወደ ኋላ ይመለሳል። ቫልቩ ሳይዘጋ ከደረሰ በሲሊንደሩ ውስጥ የቀረውን ጭስ ስቦ ለማውጣት ያግዛል። ስለዚህ «ሞተር የጭስ እገዳ ያስፈልገዋል» የሚባለው ትክክል አይደለም፤ የሚያስፈልገው የጭሱ ፍጥነትና የሞገዱ መመለሻ ጊዜ መስማማት ነው። በቱርቦ ናፍጣ ሞተር ግን ሞገዱን ተርባይኑ ስለሚያደክመው፣ ከቱርቦው በኋላ ያለው መንገድ እገዳው ባነሰ መጠን ይመረጣል።

እዚህ ላይ አንድ የአገራችንን እውነታ ልጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ የምትገኝ በመሆኗ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚህ ከፍታ ከጉልበቱ ሩብ የሚጠጋውን ያጣል። ያጣው ግን በአየር መግቢያው በኩል ነው፤ በመውጫው በኩል የሚገጠም ማርሚታ ሊመልሰው አይችልም። የእንጦጦን ዳገት ሲወጣ መኪናው የደከመበት ሰው ገንዘቡን ለማርሚታ ከማውጣቱ በፊት የአየር ማጣሪያውንና የነዳጅ ሥርዓቱን ቢያስመረምር ይሻለዋል።

ሁለተኛው ድምፅ ነው። ማርሚታ በ1897 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሚልተንና ማርሻል ሪቭስ በተባሉ ሰዎች ስም የፈጠራ መብት የተሰጠው መሣሪያ ነው። ዛሬ በገበያ ያሉት በመሠረቱ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው በውስጡ ክፍልፋዮች ያሉት ሲሆን ሞገዱን ወደ ኋላ እያንጸባረቀ እርስ በርሱ ያጣፋዋል፤ ለወፍራም ድምፅ ይበረታል፣ ፍሰቱን ግን ያግዳል። ሁለተኛው የተበሳሳ ቀጥ ያለ ቱቦ በመስታወት ጭረት ወይም በመሰል ነገር የተሸፈነበት ነው፤ ፍሰቱን ብዙም አያግድም፣ ቀጭኑን ድምፅ ይውጣል፣ ወፍራሙን ግን ያሳልፈዋል።

ሹፌሮችን በረጅም ጉዞ የሚያማርረው ጉርምርምታ የሚመጣው ከዚህ ነው። ባለአራት ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ 2,000 ጊዜ ሲዞር በሴኮንድ 67 ጊዜ ያህል ይተኩሳል። ጭሱ 400 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሆን ድምፅ በውስጡ በሴኮንድ 520 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ የሞገዱ ርዝመት ወደ 7.8 ሜትር ይጠጋል። ይህን ያህል ረጅም ሞገድ በትንሽ ቆርቆሮ ሣጥን ማጥፋት አዳጋች ነው። መፍትሔው የሞገዱ ሩብ ርዝመት ያለው፣ ጫፉ የተደፈነ ቱቦ በጎን መበየድ ነው። በስሌቱ 2 ሜትር ያህል ይሆናል፤ በጎን ቱቦው ያለው ጋዝ ስለሚቀዘቅዝ ግን በተግባር አጠር ይላል። ገዢው ማርሚታውን ሞተሩ ቆሞ ሲንደቀደቅ ብቻ ሳይሆን ዘወትር በሚነዳበት ፍጥነት ሊያዳምጠው የሚገባው ስለዚህ ነው።

ሦስተኛው ብረቱ ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲነድ ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውኃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። መኪናው አጭር መንገድ ብቻ ከተጓዘ እንፋሎቱ በማርሚታው ውስጥ ውኃ ሆኖ ይቀራል፤ ማርሚታ ከውስጥ ወደ ውጭ የሚበሰብሰው በዚህ ምክንያት ነው። ተራ ብረት ርካሽ ነው፣ ግን አይበረክትም። አሉሚኒየም የተቀባ ብረት ይሻላል፤ ሲበየድ ግን ሽፋኑ ስለሚቃጠል ዝገት ከብየዳው ይጀምራል። 409 የሚባለው የማይዝግ ብረት 11 በመቶ ገደማ ክሮሚየም አለው፤ ላዩ ቢዝግም ቶሎ አይበሳም። 304 የሚባለው 18 በመቶ ክሮሚየምና 8 በመቶ ኒኬል ያህል ስላለው ይበልጣል፣ ዋጋውም እንዲሁ። ሁለቱን ለመለየት ማግኔት ይበቃል፤ 409ን አጥብቆ ይይዛል፣ 304ን እምብዛም አይስብም።

አራተኛውና ዋናው ጤና ነው። በቤንዚን ጭስ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ከደም ሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ በርትቶ ነው። መኪና ሲሄድ ከኋላው ዝቅተኛ ግፊት ስለሚፈጠር ጭሱ ተመልሶ ይሳባል። ቱቦው ከመኪናው አካል በታች አጥሮ ከቀረና የጭነቱ ሣጥን ሸራ ለብሶ ሰዎች ከተቀመጡበት፣ እንቅልፍ የያዛቸው የሚመስሉ ተሳፋሪዎች እየተመረዙ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የቱቦው ጫፍ ከአካሉ ውጭ መዝለቅ አለበት፤ መጋጠሚያዎቹም ጭስ ማሾለክ የለባቸውም። «ያፍነዋል» በሚል ካታሊቲክ ኮንቨርተሩን ቆርጦ መጣልም የሞተሩን ጥቂት ትርፍ በሰው ሳንባ መክፈል ነው።

ውድ ተማሪዎች፣ ከእናንተ ብዙዎቹ ነገ ጋራዥ ይመራሉ፣ ደረጃ ያወጣሉ፣ መኪና ይመረምራሉ። ደንበኛ መጥቶ «ድምፁ የሚያምር ግጠሙልኝ» ቢላችሁ፣ በቅድሚያ «ከኋላ ሰው ትጭናለህ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት። ከዚያም የሞተሩን ዓይነት፣ የሚነዳበትን ከፍታና ፍጥነት፣ በመጨረሻም ዋጋውን ጠይቁ። የድምፁ ማማር የሚመጣው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው።