ሙስና፦ የቃሉ ፍቺና አጠቃቀሙ

የዛሬው ቃላችን ሦስት ፊደል ብቻ ነው። ሙ፣ ስ፣ ና። ሙስና። ጽሑፉ በእጃችሁ ያለ፣ በጣታችሁ እየተከተላችሁ ከእኔ ጋር በሉ፤ ሙስና።

ቃሉ የመጣው ከግዕዝ ነው። በግዕዝ ማሰነ ማለት ጠፋ፣ ተበላሸ ማለት ነው። እርጥበት የገባው ጎተራ አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። ከውጭ ሲያዩት ሙሉ ነው፤ እጅ ሲከቱበት ግን እህሉ ሻግቷል። ዛሬ ሙስና የምንለው፣ ሰው በተሰጠው ሥልጣን ወይም ሥራ ተጠቅሞ የማይገባውን ሀብት ሲያገኝ ነው። ጉቦ አንዱ ነው። የሕዝብ ገንዘብ ማጉደልም ሌላው ነው።

በመንደራችን ግን "ሙስና ፈጸመ" የሚል ሰው ጥቂት ነው። "በላ" ነው የሚባለው። ጉቦ በላ፤ የማኅበሩን ገንዘብ በላ። "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" የሚለውን ተረትም ሁላችሁ ታውቁታላችሁ። በድሮ ጊዜ ብዙው ሹም የወር ደመወዝ አልነበረውም፤ የሚኖረው ከባላገሩ በሚሰበስበው ግብር ነበር። ዛሬ በየወሩ ደመወዝ የሚቀበል ሰው ይህን ተረት ሲጠቅስ ብትሰሙ ግን፣ እባካችሁ አትሳቁለት። "ለሻይ" የሚባለውም ያው ጉቦ ነው። ሻዩ አንዳንድ ጊዜ የበሬ ዋጋ ያወጣል!

በ2007 ዓ.ም. የወጣው የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ጉቦ ተቀባዩንም ሰጪውንም ይቀጣል። ከገቢው በላይ ሀብት ያለው የመንግሥት ሠራተኛም ከየት እንዳገኘው ማስረዳት ካልቻለ ይቀጣል።

አሁን ወደ እኛው ጉዳይ እንምጣ። አንድ ገበሬ ግብር ሊከፍል ሄደ እንበል። 350 ብር ተባለ፤ ቆጥሮ ሰጠ። ደረሰኙን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ደረሰኙ የሚለው ግን 250 ብር ነው። 100 ብሩስ? ተበላ። ገበሬው ማንበብ አይችልምና "እግዜር ይስጥልኝ" ብሎ፣ አመስግኖ ወጣ።

እናንተ ግን ፊደል ቆጥራችኋል። በብዙ ደረሰኝ ላይ ገንዘቡ ሁለት ጊዜ ይጻፋል፤ አንዴ በአኃዝ፣ አንዴ በፊደል። በአኃዙ ላይ አንዲት ዜሮ መጨመር ቀላል ነው። "ሁለት መቶ ሃምሳ" የሚለውን መለወጥ ግን ያስቸግራል። ስለዚህ ሁለቱንም አንብቡ። ከከፈላችሁት ጋር ካልተስማማ፣ ከመስኮቱ ሳትርቁ ጠይቁ። ጸሐፊው "ምን አገባህ?" ቢል፣ ገንዘቡ የእናንተ ነው፤ ያገባችኋል።

ዛሬ ማታ ከሣጥናችሁ አንድ አሮጌ ደረሰኝ ፈልጉና ለቤተሰቡ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡ። በሚቀጥለው ጊዜ "ውል" የሚለውን ቃል ይዘን እንገናኛለን። ደኅና እደሩ።