ከእንጦጦ ተራራ የምናገኘው ትምህርት



ተማሪዎቻችንን ይዘን ወደ እንጦጦ በምንወጣበት ጊዜ አስቀድመን የምናሳያቸው የማርያምን ደብር ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ የደፉት በዚያ ነውና ይህ የሚገባ ነው። ነገር ግን ጉብኝቱ በደጀ ሰላሙ እንዳይፈጸም አሳስባለሁ።

በዚያ ዘመን ጥዱና ወይራው ለማገዶና ለቤት ሥራ ስለ ተጨፈጨፈ፣ የእንጨት እጦት መናገሻውን ከተማ ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሳሰብ ደርሶ ነበር። ከተማውን በስፍራው ያጸናው ከባሕር ማዶ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው፤ ይሁን እንጂ ይህ ዛፍ ውሃ አብዝቶ ይጠጣል፤ ከሥሩም ሌላው ተክል እንደ ልብ አይበቅልም።

ተራራው በ2013 ዓ.ም. በአዲስ መልክ ተሠርቶ የሕዝብ መናፈሻ ሆነ። ልጆቻችን ዛሬ በሚዝናኑበት በዚሁ ዳገት ግን እናቶች ለብዙ ዘመን የማገዶ ሸክም አዝለው ወርደዋል። ከተማው እንጀራውን የጋገረው በእነርሱ ጀርባ ነውና ድካማቸው ከዘውዱ ታሪክ ጋር አብሮ ይነገር።

እንግዲህ መምህራን ሆይ፣ ንጉሥ የነገሠበትን፣ ደን ያለቀበትንና እናት የተሸከመችበትን አንዱን ተራራ ከፋፍለን አናስተምር። ታሪኩን ሙሉውን የሰማ ልጅ የአገር በቀሉን ችግኝ ለምን እንደሚተክል ያውቃል።