ለመሪዎቻችን የምናወጣው ገንዘብ ወጪ ነው ወይስ ቁጠባ?

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሂሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



በቀረበላችሁ የበጀት ረቂቅ ላይ ብዙ ጥያቄ ያስነሳ አንድ መስመር አለ። «ለቡድን መሪዎች የኮቺንግ አገልግሎት» ይላል። አንዳንድ እናቶችና እህቶች «ይህ ገንዘብ ለብድር ቢውል አይሻልም ወይ? መሪዎቻችን ስንቴ ይሠልጥኑ?» ብላችሁ ጠይቃችሁናል። ጥያቄያችሁ ተገቢ ነው። ገንዘቡ በየሳምንቱ ከጉሮሯችሁ ቀንሳችሁ የቆጠባችሁትና ደጋፊዎቻችን አምነው የሰጡን ነው። ስለዚህ እኛ የሂሳብ ክፍል ሠራተኞች ይህን መስመር ለምን እንደደገፍነው ልናስረዳችሁ ወደድን።

በመጀመሪያ ቃሉን እንፍታው። በአማርኛችን በአዳራሽ ስልጠና የሚሰጠውንም፣ ሯጭ የሚያዘጋጀውንም «አሠልጣኝ» ስለምንል ሁለቱ ይምታቱብናል። ሥራቸው ግን ይለያያል። ስልጠና ሰጪው ብዙ ሰው በአንድ ላይ ሰብስቦ ለሁሉም አንድ ዓይነት ትምህርት ያስተምራል። ኮች የምንለው ደግሞ ከአንዲት መሪ ጋር ለወራት እየተገናኘ፣ እሷ በያዘችው ሥራ ላይ የሚያግዛት ባለሙያ ነው።

ነገሩን ከሩጫው እንረዳዋለን። ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬ እነ ደራርቱን፣ እነ ኃይሌን፣ እነ ቀነኒሳን አሠልጥነዋል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ 25ቱን ዙር የሮጠችው ራሷ ደራርቱ ናት። አሠልጣኙ አንድም ዙር አልሮጡላትም። ይሁንና ያለ አሠልጣኝ ለኦሊምፒክ ትዘጋጅ የሚል ሰው የለም። ሯጭን የማናስቀርበትን ድጋፍ፣ የሃያ ሴቶችን ገንዘብ ይዛ ለምትመራ እናት ስንሰጥ ለምን ትርፍ ነገር ይመስለናል?

አሠራሩ ከስፖርት ወደ መሥሪያ ቤት እንዲገባ ብዙ ከሠሩት አንዱ ጆን ዊትሞር የተባሉ፣ ቀድሞ የመኪና ተወዳዳሪ የነበሩ እንግሊዛዊ ናቸው። መጽሐፋቸው እ.ኤ.አ. በ1992 ከታተመ በኋላ አራት ደረጃ ያለው የጥያቄ አካሄድ በብዙ አገር ተለምዷል። ምን ትፈልጊያለሽ? አሁን ያለው ሁኔታ ምንድን ነው? ምን ምን አማራጭ አለሽ? የትኛውን፣ መቼ ታደርጊያለሽ?

ይህ በእኛ ቡድን ውስጥ ምን እንደሚመስል በምሳሌ እንየው። አንዲት ሰብሳቢ አለች እንበል። ጎረቤቷ የወሰደችውን ብድር ሦስት ወር አዘግይታለች። መተዳደሪያ ደንቡ ቅጣት አለው፤ ሰብሳቢዋም ደንቡን በቃሏ ታውቀዋለች። ነገር ግን ጎረቤቷን ላለማስቀየም ዝም ትላለች። ሌሎቹ አባላት ይህን ያዩና እነሱም ማዘግየት ይጀምራሉ። ይህችን ሰብሳቢ ስለ ብድር አስተዳደር ዳግመኛ ብናሠለጥናት የምታውቀውን እንደግምላታለን እንጂ የተቸገረችበትን አንነካላትም።

ኮች ቢኖራት ግን እንዲህ ብላ ትጠይቃታለች። «በወሩ መጨረሻ ምን ሆኖ ማየት ትፈልጊያለሽ? ማን ስንት ዕዳ አለበት? ጎረቤትሽን እስካሁን ለብቻዋ አነጋግረሻታል? ከስብሰባው በፊት ቤቷ ብትሄጂስ? ቡድኑ የመክፈያ ጊዜውን እንዲያሸጋሽግላት ብታቀርቢስ? በየትኛው ቀን ታደርጊዋለሽ?» ሰብሳቢዋ መንገዱን ራሷ ትመርጣለች፤ ቀኑንም ራሷ ትቆርጣለች። በሚቀጥለው ቀጠሮ ደግሞ «እንዴት ሆነ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አለ። ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ትልቅ ጉልበት አለው። ከስልጠና አዳራሽ ስንወጣ ያቀድነውን ተከታትሎ የሚጠይቀን ሰው ብዙ ጊዜ የለምና።

በሥራችን እንዳየነው የቡድን ሂሳብ የሚበላሸው በስርቆት ብቻ አይደለም። መነገር ያለበት ቃል በጊዜው ሳይነገር ሲቀርም ይበላሻል። ቁልፉም፣ ማኅተሙም፣ ደረሰኙም በአንዲት እናት ቦርሳ ውስጥ ሲከርምና ሌላ ሰው ሳይለምደው ሲቀርም ይበላሻል። የዚህ ዓይነቱ ኪሳራ በወጪ መዝገብ ላይ አይጻፍም፤ የምንከፍለው ግን ሁላችንም ነን።

በእኛ በሴቶች ላይ ደግሞ ሌላ ሸክም አለ። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው። አንዲት እናት የሰብሳቢነት ወንበር ላይ በምርጫ ስትቀመጥ ይህ ተረት በአንድ ቀን ከውስጧ አይወጣም። ቀበሌ ሄዳ የመሥሪያ ቦታ ስትጠይቅ ድምፅዋ ይሰልላል። ወይም ደግሞ መሪነት ማለት ቁጣ ይመስላትና አባላቱን ታሸማቅቃለች፤ ያየችው አመራር ያ ብቻ ነውና። ሳትፈራ የምትሞክርበት፣ ያሰበችውን ጮክ ብላ ተናግራ የምታደምጥበት ቦታ ያስፈልጋታል። ኮቺንግ ይህን ቦታ ይሰጣታል።

ጥንቃቄም አለን። ራሱን ኮች ብሎ የሚጠራ ሁሉ ባለሙያ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1995 የተቋቋመው ዓለም አቀፉ የኮቺንግ ፌዴሬሽን ለመጀመሪያው ደረጃ እንኳ ቢያንስ 60 ሰዓት ትምህርትና 100 ሰዓት የተግባር ልምድ ይጠይቃል። እኛም የምንቀጥረውን ሰው ማስረጃና ልምድ እንጠይቃለን። መሪዎቻችን በሚያስቡበት ቋንቋ የሚያነጋግራቸው መሆኑንም እናያለን። በሁለቱ መካከል የሚነገረው ነገር ምስጢር ይሆናል፤ ለእኛ የሚደርሰን የቀጠሮው ቀንና የተያዘው ግብ ብቻ ነው። በቤቷ ጥቃት የደረሰባት ወይም ከባድ ሐዘን የያዛት እህት ብትኖር የሚያስፈልጋት የሕግና የጤና ባለሙያ ነው። ገንዘብ ያዥዋ የገቢና የወጪ መዝገብ መያዝ ካልቻለችም በቅድሚያ የሚገባት ስልጠና ነው። ኮቺንግ ይህን ሁሉ አይተካም።

ያቀረብነው ሐሳብ እንግዲህ ይህ ነው። በአዲስ ለተመረጡ መሪዎች፣ ለስድስት ወር ብቻ፣ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ቀጠሮ ይሁን። ሲጀመር አራት ነገሮችን እንመዘግባለን፤ በጊዜው የተመለሰ ብድር፣ የስብሰባ ተገኝነት፣ በዕለቱ ተጽፎ የተፈረመ ቃለ ጉባኤ፣ እንዲሁም ስብሰባ መምራት የለመዱ አባላት ብዛት። በስድስተኛው ወር እነዚያኑ አራቱን ቆጥረን ውጤቱን በዚህ ጉባኤ ፊት እናነባለን። ለውጥ ካላየን መስመሩ ከሚቀጥለው በጀት እንዲወጣ ቀድመን የምንጠይቀው እኛው ነን።

ለደጋፊዎቻችንም አንድ ቃል አለን። የአዳራሽ ኪራይ፣ የአበልና የሻይ ቡና ወጪ ለሪፖርት ይመቻል፤ «ይህን ያህል ሴቶች ሠለጠኑ» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። እባካችሁ ከስልጠናው ስድስት ወር በኋላ ምን እንደተለወጠም ጠይቁን። ጥያቄያችሁ ለእኛም ይጠቅመናል።

አባላት ሆይ፣ ብድር የሚያድገው በጥሩ እጅ ሲያዝ ነው። የምትቆጥቡትን ገንዘብ የሚጠብቅ ካዝና ገዝተናል። ካዝናውን የምትይዘዋን እናት ማጠንከርም የዚያው ጥበቃ ክፍል ነው ብለን እናምናለን። ውሳኔው ግን የእናንተ ነው፤ እጃችሁን ከማውጣታችሁ በፊት የቀራችሁን ጥያቄ ሁሉ ጠይቁን።